የመጀመሪያ ቀፎዬን ከመግዛቴ በፊት፦ የትኛው ዓይነት፣ በምን እንጨት፣ የት ይቀመጥ? (ጎንደርና አካባቢው)

የአዘዞ_ጓሮ · ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ናችሁ የዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አነባለሁ፤ ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ ነው።

የምኖረው አዘዞ ነው። ከቤቱ ጀርባ ሰፋ ያለ ጓሮ አለኝ። ሁለት ግራዋ፣ አንድ ትልቅ ብሳና፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ባህር ዛፍ አለው። አጎቴ ደምቢያ ውስጥ በባህላዊ ቀፎ ለዓመታት ንብ ያነባሉ። «ቀፎውን አዘጋጅ፣ ንቡን ከእኔ ትወስዳለህ» ብለውኛል። ስለዚህ ንብ አላጣሁም። ያስቸገረኝ ሳጥኑ ነው።

አንዱ እንጨት ቤት በባህር ዛፍ ጣውላ ልሥራልህ አለኝ። ሌላው በግራቪሊያ ይሠራል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሦስተኛው ሰው ያገለገለ፣ ቀለም የተቀባ ባለ ፍሬም ቀፎ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። በዚያ ላይ ጓደኛዬ «ለጀማሪ የሽግግር ቀፎ ነው የሚሻለው፣ ገንዘብህን አትበትን» ይለኛል። ግራ ገባኝ።

ለጀማሪ የትኛው ዓይነት ይሻላል? በምን እንጨት? ከሳጥኑ ሌላ የግድ የሚያስፈልገኝስ? በጀቴ ለሁለት ቀፎ ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

ቆላድባ_ማር · ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 3፡25

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ።

መጀመሪያ ወቅቱን ያዝ። አሁን ሐምሌ ነው። እኛ ዘንድ ዋናው የማር ጊዜ የሚጀምረው ዝናቡ ሲያባራ ነው። መስከረም ላይ አደይ አበባና መጭ ይፈነዳል። ከዚያ ኑጉ ይከተላል፣ የደምቢያ ሜዳ ቢጫ ይሆናል። ንብ በርክታ መንጋ የምትከፍለውም ያኔ ነው። ስለዚህ ቀፎህ በነሐሴ መጨረሻ ተሠርቶ፣ ቀለሙ ደርቆ፣ ቦታው ላይ ቆሞ መገኘት አለበት። በመስከረም አናጺ የሚለማመጥ ሰው አበባው ጥሎት ይሄዳል።

ወደ ዓይነቱ ልምጣ። ባህላዊውን ከአጎትህ ታውቀዋለህ። የሽግግር የሚባለው፣ ኬንያ ቶፕ ባር የሚሉት፣ አንድ ረጅም ሳጥን ነው። ጎኖቹ ወደ ታች እየጠበቡ ይሄዳሉ። ከላይ ከ25 እስከ 30 የሚሆኑ አግዳሚ እንጨቶች ይደረደሩበታል። ንቧ ከእያንዳንዱ እንጨት ሥር እንጀራዋን፣ ማርና እጭ የምትይዝበትን የሰም ቤት ማለቴ ነው፣ ታንጠለጥላለች። ሽቦ የለም፣ የታተመ ሰም (ንቧ እንጀራዋን የምትጀምርበት በማተሚያ የወጣ ስስ ሰም) የለም፣ ማሽን የለም። ባለ ፍሬሙ ደግሞ ሳጥን በሳጥን ላይ የሚነባበረው ነው፤ ንቧ እንጀራዋን የምትሠራው ከሳጥኑ በሚወጡ የእንጨት ክፈፎች፣ በፍሬሞቹ፣ ውስጥ ነው። ታች የእጭ ክፍል፣ ላይ የማር ክፍል። ማሩን በማሽን አሽከርክረህ ታወጣና ባዶውን እንጀራ ትመልስላታለህ። ንቧ እንደገና ሰም ስትሠራ ጊዜ አታባክንም። ልዩነቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ከባህላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ ከባለ ፍሬም ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይገኛል የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በደንብ ከተያዘ ማለቴ ነው። ካልተያዘ ሁሉም እኩል ባዶ ነው።

«አንዱን የሽግግር፣ አንዱን ባለ ፍሬም አድርግና አወዳድር» የሚሉህ ሰዎች ይመጣሉ። አልስማማም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። አንዱ ቀፎ ሲደክም ከጠንካራው እጭ ያለበትን እንጀራ አውጥተህ ትሰጠዋለህ። አንዱ ንግስት ሲያጣ ከሌላው እንቁላል ያለበት ፍሬም ታስገባለህ፣ ራሳቸው ያሳድጋሉ። የሁለት ቀፎ ጥቅሙ ይሄ ነው። ልካቸው ከተለያየ ይህን ማድረግ አትችልም። እንግዲያውስ ሁለት ጊዜ አንድ ቀፎ ነው ያለህ።

የእንጨት_ሰው · ሐምሌ 7፣ ከጠዋቱ 1፡40

አናጺ ነኝ፣ ቀፎም እሠራለሁ። ንብ ግን አልነካም፣ እፈራለሁ። ሃሃ።

ስለ እንጨት አንድ ነገር ልንገርህ። ከዛፉ ስም ይልቅ ድርቀቱን ጠይቅ። እርጥብ ጣውላ ዛሬ በስኳድራ ልክ ቢገጣጠምም ጥር ላይ ይጣመማል። ባህር ዛፍ በተለይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጠመዘዛል፣ ክብደቱም አይጣል ነው። በደንብ ከደረቀ ለቀፎው መቆሚያ እግር አድርገው። ለሳጥኑ ግራቪሊያ ወይም የፈረንጅ ጽድ ይሻላል። ቀላል ናቸው፣ ለመላጊያም ይመቻሉ። ዋንዛ ከሁሉም ያምራል፣ ግን ዋጋው አይቀመስም፤ ደግሞም ለንብ አበባ የሚሰጥ ዛፍ ቆርጦ የንብ ቤት መሥራት አይገባኝም። ቺፕውድ የሚልህ ካለ ጥለኸው ውጣ። ክረምት ሲነካው ያብጣል፣ ከዚያ ይፈረፈራል።

እንጨት ቤት ስትሄድ ሁለት ቁራጭ ጣውላ አንሥተህ እርስ በርስ አጋጫቸው። ደረቅ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እርጥቡ ድም ብሎ ይቀራል። ውፍረቱ ከተላገ በኋላ ከ2 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጎንደር ሌሊቱ ብርድ ነው፣ ቀጭን ጣውላ ሙቀት አይዝም።

ማዕዘኑ ጥርስ በጥርስ ተገጥሞ በኮላና በሚስማር ቢያዝ ጥሩ ነው። ጫፍ ለጫፍ ተገናኝቶ ሚስማር ብቻ የተመታበት በሁለተኛው ክረምት አፉን ይከፍታል። ሳጥኑ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ለካ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ሳጥኑ ዘሟል። አትረከብ።

የአዘዞ_ጓሮ · ሐምሌ 7፣ ከቀኑ 6፡30

በጣም ነው የማመሰግነው። አንድ ነገር ልጠይቅ። ያገለገለውን ቀፎ የሚሸጠው ሰው «ላንግስትሮት ነው» ይላል። እንጨት ቤቱ ደግሞ «እኛ የምንሠራው ዛንደር ነው» አለኝ። ሁለቱም ባለ ፍሬም ናቸው አይደል? ልዩነት አለው?

የወገራ_እህት · ሐምሌ 7፣ ከቀኑ 9፡05

አለው እንጂ! በልማት ሠራተኝነት ከንብ አናቢዎች ጋር ስለምውል ይሄ ጥያቄ በየቀኑ ነው የሚመጣልኝ።

የዛንደር ፍሬም ጎኑ 420፣ ቁመቱ 220 ሚሊ ሜትር ነው። የላንግስትሮት ትልቁ ፍሬም 448 በ232 ነው። አንዱ ወደ ሌላው ሳጥን አይገባም፣ ቢገባም አይቀመጥም። አንዱን ዛንደር አንዱን ላንግስትሮት መግዛት ቁጥሩ የተለያየ ጫማ አጥልቆ እንደ መሄድ ነው። በሀገራችን በብዛት የተሠራጨው ዛንደር ስለሆነ ፍሬሙም፣ ሰም ማተሚያውም፣ ማሽኑም በቀላሉ የሚገኘው በእሱ ልክ ነው። ቆላድባ ያሉት «አንድ ዓይነት» የሚለው ነገር እዚህም ይሠራል።

አሁን ዋናው ነገር። የእንጨት ሰው ወንድማችን ስለ ጣውላው በደንብ አስረድቶሃል፣ እኔ ስለ ባዶው ቦታ ልንገርህ። በ1851 እ.ኤ.አ. ላንግስትሮት የተባለ አሜሪካዊ ቄስ አንድ ነገር አስተዋለ። በእንጀራና በእንጀራ፣ ወይም በፍሬምና በሳጥኑ ግድግዳ መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ካለ ንቦች መተላለፊያ አድርገው ይተዉታል። ከዚያ ከጠበበ በሙጫ ይደፍኑታል። ከሰፋ ደግሞ እንጀራ ይሠሩበታል። በሚቀጥለው ዓመት በዚህ መሠረት የሠራውን ቀፎ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ባለ ፍሬም ቀፎ ሁሉ በዚህች ክፍተት ላይ የቆመ ነው።

ስለዚህ ሳጥኑን ስትረከብ ፍሬሙን ውስጥ ከተህ በጎን በኩል ያለውን ክፍተት ለካ። በሁለቱም ጫፍ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ፍሬሙ 420 ከሆነ የሳጥኑ የውስጥ ርዝመት 435 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ቁመቱም እንዲሁ ነው። ፍሬሙ 220 ከሆነ ሳጥኑ 230 አካባቢ ይሁን። ያኔ አንዱ ሳጥን በሌላው ላይ ሲቀመጥ በላይኛውና በታችኛው ፍሬም መካከል ትክክለኛዋ መተላለፊያ ትቀራለች። አንዳንድ እንጨት ቤት ለማማር ብሎ ቁመቱን 25 ሳንቲ ሜትር ያደርገዋል። ውጤቱን በኅዳር ታየዋለህ። ፍሬሞቹ ከላይና ከታች በእንጀራ ተጣብቀው አንዱን ስታነሣ ሌላው ይከተልሃል። ማሩ ይፈስሳል፣ እጩ ይጨፈለቃል፣ ንቧም ትቆጣለች።

አርማጭሆ_ደጋ · ሐምሌ 7፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁላችሁም ፍሬም ፍሬም ትላላችሁ። እስኪ እውነቱን እንነጋገር።

እኛ ሰፈር ከዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ባለ ፍሬም ቀፎ አደለን። ቀለሙ ቢጫ፣ ሲያዩት ያምራል። ፍሬሙ ግን ለሳጥኑ አጠረ። ግማሹ ከጆሮው ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ይወድቃል። የታተመ ሰም የሚሰጠን ጠፋ። ማሩን የሚያወጣው ማሽን ለቀበሌው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም የተቀመጠበት ክፍል ቁልፍ ያለው ሰው አይገኝም። ዛሬ ሄዳችሁ ብታዩ ቀፎዎቹ ዶሮ ማደሪያ ሆነዋል። አንዱ ጎረቤቴ ሽንኩርት ያስቀምጥበታል።

አባቶቻችን በሸምበቆ ጠምዝዘው፣ በጭቃና በእበት ለስነው፣ ከጣራ ሥር ሰቅለው ማር በልተዋል። ልጁ አጎቱ ዘንድ ሄዶ አንድ ዓመት ይማር። ገንዘቡን ለምን ያባክናል?

ቆላድባ_ማር · ሐምሌ 7፣ ከምሽቱ 2፡30

ወንድሜ አርማጭሆ፣ የምትለው ነገር በብዙ ቦታ ደርሷል፤ አልክድህም። ግን የተናገርከውን መልሰህ አንብበው። ፍሬሙ አጠረ፣ ሰም ጠፋ፣ ቁልፍ ያዡ ጠፋ። ይህ የልኬትና የአቅርቦት ነገር ነው። ባለ ፍሬም ቀፎ ብቻውን የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ሰምና ማሽን ሳይታሰብ ሳጥን የሚያድል ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

ባህላዊውን አልንቅም። ርካሽ ነው፣ ሙቀት ይይዛል፣ መንጋ ለማጥመድ ከሱ የሚሻል የለም። ችግሩ ውስጡን ማየት አለመቻልህ ነው። እንጀራው ከግድግዳው ጋር ስለተጣበቀ ማር ለመቁረጥ እጩንም ትቆርጣለህ። የሰም ትል ገብቶ እንደሆነ የምታውቀው ንቡ ጥሎ ሲሄድ ነው።

የአዘዞው ልጅ ግን ከአጎቱ ይማር የሚለውን እደግፋለሁ። ቀፎውን እያሠራም መማር ይችላል።

የወገራ_እህት · ሐምሌ 7፣ ከምሽቱ 2፡55

አርማጭሆ በአንድ ነገር አሳምኖኛል። የአዘዞ ጓሮ ሆይ፣ ከመወሰንህ በፊት ሁለት ነገር አጣራ። በአቅራቢያህ ሰም ማተሚያ ያለው ሰው አለ? ማር ማውጫ ማሽን የሚያከራይ ወይም የሚያውስ ማኅበር አለ? ሁለቱም ካሉ ሁለት ዛንደር አሠራ። አንዱም ከሌለ ሁለት የሽግግር አሠራ፣ ጓደኛህ ትክክል ነው ማለት ነው። የሽግግሩን ማር ከነእንጀራው ቆርጠህ ትሸጣለህ። ጠጅ ቤቱም ከነሰፈፉ ነው የሚወስደው፣ ማሽን ማን ጠየቀህ?

የሽግግሩ ትልቁ ነገር የአግዳሚ እንጨቱ ስፋት ነው። ለእኛ ንብ 32 ሚሊ ሜትር። ለአውሮፓ ንብ 35 ነው የሚሠሩት፣ የእኛዋ ትንሽ አነስ ስለምትል። (በነገራችን ላይ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ንብ ለብቻዋ ለይተው ሲሜንሲስ ብለዋታል፣ ስሙን ያገኙት ከእኛው ሰሜን ተራሮች ነው። ደስ አይልም?) እንጨቱ 36 ወይም 38 ከሆነ ንቧ መሐሉን ትስታለች። አንዱ እንጀራ ሁለት እንጨት ላይ ይያያዛል፣ ከዚያ ከባህላዊው በምን ተሻለ? ከእንጨቱ ሥር መሐል ለመሐል በቀለጠ ሰም ቀጭን መስመር አስምርባት፣ መነሻ ይሆናታል።

የእንጨት_ሰው · ሐምሌ 8፣ ከጠዋቱ 1፡15

32 መሆኑን ዛሬ ነው የሰማሁት እህቴ። ደንበኞች «ሦስት ሳንቲም ተኩል አድርገው» እያሉኝ እንደዚያው ስሠራ ነበር። ስለ ጎኑ ማዘንበልም አንድ በይኝ እስኪ፣ እዚህ የምሠራው ከወለሉ ጋር 120 ዲግሪ ነው።

የወገራ_እህት · ሐምሌ 8፣ ከጠዋቱ 2፡00

120 ልክ ነው። እንጀራ ወደ ታች እየጠበበ የሚወርድ ነገር ስለሆነ ጎኑ ሲያዘነብል ከግድግዳው ጋር ብዙ አያያዝም። አደራህን 32ቱን ግን ለሌሎቹም አናጺዎች ንገርልኝ።

የአዘዞ_ጓሮ · ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 1፡20

አጣራሁ። ማክሰኝት አካባቢ ማሽኑን የሚያከራይ ማኅበር አለ። ሰም ማተሚያም እዚያው አላቸው፣ ሰሙን ግን ይዘህ ና ነው የሚሉት። ስለዚህ ዛንደር ልሄድ ነው መሰለኝ። ጥያቄዬ፣ ሰም ከየት ልግዛ? ጎንደር መቼም የቤተ ክርስቲያን ከተማ ናት፣ ጧፍ በየደጁ ይሸጣል። ጧፍ አቅልጬ ማሳተም እችላለሁ?

ሰም_ለሰም · ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 2፡45

ጧፍ አይሆንም ልጄ። እኔ ሰም እየገዛሁ ጧፍ የምሠራ ሴት ነኝ፣ ከእኔ ስማ። በገበያው ያለ ጧፍ ሁሉ ንጹሕ የንብ ሰም አይደለም። ፓራፊን የተቀላቀለበት ሞልቷል። ፓራፊን ያለበት የታተመ ሰም ሙቀት ሲያገኘው ይለጠጣል፣ ይሰበራል። ንቧም በደስታ አትሠራበትም።

ንጹሕ ሰም እጅህ ላይ ቅባት አይተውም። በጥፍር ስትፍቀው ይፈረፈራል። ሽታው የማር ነው። ፓራፊን የገባበት ያሟልጫል፣ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከአጎትህ ሰፈፍ መውሰድ ነው። ማሩ ተጨምቆ የሚቀረውን ሰፈፍ አጥቦ፣ በውኃ አፍልቶ፣ በጨርቅ ማጥለል ነው። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል፣ ቆሻሻው ከሥሩ ይቀራል፣ እሱን በቢላ ትፍቃለህ።

ስታቀልጠው ደግሞ በቀጥታ እሳት ላይ እንዳትጥደው። የሰሙን ጣሳ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጠው። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ብዙ እሳት አይፈልግም። ከገነፈለና እሳት ከነካው ቤት ያቃጥላል።

የአዘዞ_ጓሮ · ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 3፡00

እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ቆላድባ_ማር · ሐምሌ 10፣ ከጠዋቱ 12፡50

ሰሙ ከታተመ በኋላ ያለውን ልንገርህ። ፍሬሙ ላይ ቀጭን ሽቦ ይወጠራል። ሽቦው ስትነካው እንደ ክራር ክር ጭር ካላለ ልል ነው፣ አጥብቀው። የታተመውን ሰም ሽቦው ላይ አስተኝተህ የመኪና ባትሪ ሁለቱን ጫፎች ለአፍታ ታስነካዋለህ። ሽቦው ይግላል፣ ሰሙ ውስጥ ይሰምጣል። «ለአፍታ» ያልኩትን ልብ በል። ከቆየህ ሰሙን ለሁለት ይቆርጠዋል። ባትሪ ከሌለ የጋለ ሚስማር ወይም ማንኪያ ይዞ በሽቦው ላይ መሄድ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሠራል።

ሽቦ የሌለው ፍሬም ማር ሲሞላ አንዱ ብቻውን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይደርሳል። በማሽን ስታሽከረክረው ተበጣጥሶ ይወጣል።

ፋሲል_ግቢ_ሥር · ሐምሌ 10፣ ከቀኑ 5፡40

ማንም ያላነሣው ነገር አለ። አዘዞ ከተማ ነው። የሀገራችን ንብ ቀልድ አታውቅም። ጎረቤት አለህ? ሕፃናት? የታሰረ አህያ ወይም በሬ? ንብ የታሰረ ከብት ላይ ከሰፈረች ገመዱን የሚፈታለት ሰው እንኳ አይደፍርም። እኔ ሠፈር በአንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ መንደር በር ዘግቶ ተቀምጧል።

የወገራ_እህት · ሐምሌ 10፣ ከቀኑ 7፡15

ትክክል ነው፣ መቅደም የነበረበት ይሄ ነበር።

የአዘዞ ጓሮ፣ ጓሮህ አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ ካልሆነ እዚያ አታስቀምጥ። ከፍ ያለ አጥር ወይም ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ካለ ንቧ ከበሩ ስትወጣ ወደ ላይ ተነሥታ ነው የምትበረው፣ በሰው ራስ ላይ ታልፋለች። በሩ ወደ መንገድ፣ ወደ ከብት ማሰሪያ፣ ወደ ጎረቤት ደጅ አይዙር። ወደ ምሥራቅ ቢዞር የጠዋት ፀሐይ ቶሎ ያነቃታል። ከኋላው ነፋስ የሚከልል ነገር ይኑር። ቀፎ ስትከፍትም ማታ ማታ ይሁን፣ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ግድም። ቀን ከከፈትክ ሰፈሩን ነው የምታስነሣው።

ካልተመቸ ደግሞ አታስጨንቀው፣ አጎትህ መሬት ላይ ይሁን። እዚያም ቢሆን ግን ሽንኩርት እየተረጨ ከሚለማ ማሳ አጠገብ አታድርገው። በፀረ ተባይ የሚያልቅ ንብ ቀላል አይደለም።

የአዘዞ_ጓሮ · ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 1፡10

ጎረቤቴ ከብት ያደልባል፣ አጥራችንም ቆርቆሮ ነው ግን አጭር ነው። አጎቴ ጋ ይሁን። ደውዬላቸው «ድሮም እዚያ ይሻላል ብዬ ነበር» አሉኝ፤ ብለው እንኳ አያውቁም። መቆሚያውን እንዴት ላድርግ? እዚያ ጉንዳን አለ፣ ምስጥም አለ።

አርማጭሆ_ደጋ · ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 1፡45

መቆሚያው ላይ እኔም ልርዳ፣ ጠላት አይደለሁም። ሃሃሃ።

ከመሬት ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ ይበል፣ ከወገብህ በታች ይሁን። ሙሉ ሳጥን ስታነሣ ወገብህ ይመሰክራል። አራቱን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ያለባቸው ጣሳዎች ውስጥ አቁም። በላያቸው ቆርቆሮ ቢጤ ክደንባቸው፣ አለበለዚያ ዝናብ ገብቶ ዘይቱን ያፈስሰዋል፣ ንቧም ትሰምጥበታለች። ዙሪያውን ሣሩን ጨርሰህ አጥፋና አመድ ነስንስ። አንዲት ዘንበል ያለች ሣር ቀፎውን ከነካች ለጉንዳን ድልድይ ናት። ጉንዳን ሌሊት ከገባ ጠዋት የምታገኘው ባዶ ሳጥን ነው።

ለምስጥ የእንጨቱ እግር ድንጋይ ላይ ይቁም። የብረት እግር ካገኘህ ደግሞ ገላገለህ። ቀፎው ወደ በሩ ትንሽ ዘንበል ይበል፣ ውኃ ወደ ውጭ እንዲወርድ። ወደ ጎን ግን በውኃ ልክ ቀጥ ይበል፣ ምክንያቱም እንጀራው ቁልቁል ነው የሚንጠለጠለው። ሳጥኑ ከዘመመ ከፍሬሙ ይወጣል።

ቆላድባ_ማር · ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 2፡20

አርማጭሆ ከዚህ ወዲያ ዝም እንዳትል።

ንቡን ከማዛወርህ በፊት ሳጥኑን አዘጋጀው። ቀለም ከውጭ ብቻ፣ ነጣ ያለ። ውስጡ አይነካም። ሽታው እስኪጠፋ ሳምንታት ይስጠው። ከዚያ ውስጡን በወይራ ጭስ አጥነው፣ ግድግዳውን በሰምና በጠጅ ሣር እሸው። አዲስ የጣውላ ሽታ ያለበት ቀፎ ውስጥ የገባ ንብ በማግስቱ ይኮበልላል።

መጀመሪያ ታችኛውን ሳጥን ብቻ ነው የምታስቀምጠው። አሥሩም ፍሬም ከነሰሙ ይኑርበት። ቦታ ባዶ ከተውክ ከክዳኑ ሥር የራሷን እንጀራ ታንጠለጥላለች። የማር ክፍሉን ከመጀመሪያው ቀን የሚጭኑ አሉ፣ «ብዙ ማር እንዲሠራ» ብለው። የጎንደርን ሌሊት ሳይቆጥሩ ነው። ጥቂት ንብ ያን ሁሉ ባዶ ቤት ማሞቅ አይችልም። ከአሥሩ ፍሬም ሰባት ስምንቱ ተሠርቶ በንብ ሲሸፈን ሁለተኛውን ሳጥን ጨምር። ንግስቲቱ ወደ ማር ክፍሉ ወጥታ እንዳትጥል የሚከለክላትን የንግስት ማገጃም ያኔ በመሐል አድርግ።

ስታዛውር አጎትህ ይኑሩ። አዲሱ ቀፎ አሮጌው በነበረበት ቦታ ላይ ይቁም። እጭ ያለበትን እንጀራ በፍሬሙ ልክ ቆርጠህ በክር እሰረው፣ ቀጥ አድርገህ። ማር ያለበትን አትሰር፣ ይወድቃል። ንግስቲቱ ከገባች ሌላው ይከተላል። የመጀመሪያውን ሳምንት ስኳር በውኃ አሟሙተህ፣ እኩል በእኩል፣ ማታ ማታ ስጣት። በሶም ብትጨምር ትወስዳለች።

የወገራ_እህት · ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 2፡50

ስለ ሌላው ዕቃ ባጭሩ። ማጨሻ፣ ዓይነ ርግብ ያለው ነጣ ያለ ልብስ፣ ጓንት፣ ቦቲ ጫማና መሮ። ይህን ሁሉ አዲስ መግዛት የለብህም፣ ከማጨሻውና ከዓይነ ርግቡ በቀር። ርካሹ ማጨሻ ወናፉ በአንድ ወር ይቀደዳል፤ ስትገዛ አሥር ጊዜ ንፋውና እይ። የሚነድደው ደረቅ ኩበት ይሁን፤ ጭሱ ቀዝቃዛና ነጭ መሆኑን በእጅህ ሞክር። እጅህን ካቃጠለ ንቧንም ያቃጥላታል።

ያገለገለውን ቀፎ ጠይቀህ ነበር። ላንግስትሮት ስለሆነ አልቋል፣ ተወው። ወደፊት ያገለገለ ዛንደር ካገኘህ ግን ውስጡን በመሮ ፍቀህ፣ ጣውላው ቡናማ እስኪሆን በእሳት ነበልባል ለብልበው። የሰም ትል እንቁላልና የበሽታ ቅሪት በስንጥቁ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የድሮውን እንጀራ አትቀበል።

የአዘዞ_ጓሮ · ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 1፡30

ዛሬ እንጨት ቤት ሄጄ ነበር። የደረቀ የፈረንጅ ጽድ አላቸው፣ አጋጭቼ አይቻለሁ። ሁለት ዛንደር አዘዝኩ። እያንዳንዱ የእጭ ክፍል፣ አንድ የማር ክፍልና 20 ፍሬም አለው። ቁመቱን 230 ስለው አናጺው «ሁሌ 250 ነው የምንሠራው፣ ማን ነው ያሳተህ?» አለኝ። ፍሬም አስመጥቼ ውስጡ አስቀምጬ አሳየሁት። ዝም አለና 230 ብሎ ጻፈ። አንድ የቀረኝ ነገር ክዳኑ ነው። «ላሜራ ከፈለግክ ራስህ ግዛ፣ ካልሆነ ኮምፔርሳቶ አደርግልሃለሁ» ይላል።

የእንጨት_ሰው · ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 2፡05

ላሜራውን ግዛ፣ ኮምፔርሳቶ አንድ ክረምት አይደርስልህም። ከክዳኑ እንጨት በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር የሚተርፍ አድርገህ አስቆርጠውና ወደ ታች ይታጠፍ። ማዕዘኑን አይቅደዱት፣ አጣጥፈው ይምቱት፤ ከተቀደደ ውኃ የሚገባው በዚያ ነው። ሚስማሩም ከጎን ይመታ እንጂ ከላይ አይሁን።

ከላሜራው ሥር ደግሞ የውስጥ ክዳን አሠራ፣ ስስ ጣውላ ይበቃል። ያለዚያ ቀን ፀሐዩ ያግለዋል፣ ሌሊት ጤዛው ከላሜራው ወደ ንቡ ይንጠባጠባል። ነሐሴ ላይ በረዶ ሲወርድ እንዳይጮህባቸው ከላይ ሣር ጣል አድርግበትና ድንጋይ ጫንበት። የእኔ ደንበኞች እንደዚያ ያደርጋሉ።

የአዘዞ_ጓሮ · ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 2፡15

የውስጥ ክዳኑን አልነገርኩትም ነበር። ነገ ጠዋት ሳይጀምር እደውልለታለሁ።